የታመመ ሰው ያለበት ቤትና የደመወዝ ግብር

ስለ ኩላሊት እጥበት ወጪ በዚህ ዓምድ ከጻፍኩ በኋላ ከአንባቢያን የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕክምናው አልነበሩም፤ ስለ ግብር ነበሩ። አንዲት እናት ከተወለደ ጀምሮ መራመድ የማይችል የ9 ዓመት ልጅ አላቸው። ከደመወዛቸው በየወሩ የሚቆረጠው ግብር፣ ጎናቸው ከምትቀመጠውና ጤነኛ ልጆች ካሏት የሥራ ባልደረባቸው ጋር እስከ ሳንቲሟ እኩል መሆኑ ከንክኗቸዋል። ለፊዚዮቴራፒው፣ ለታክሲው፣ ቀን ቀን ልጁን ለምትይዘው ሠራተኛ የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣ ሕጉ አያስብም ወይ ነው ጥያቄያቸው። አንድ አባት ደግሞ ሜሪላንድ የሚኖረው ልጃቸው ለእናቱ እጥበት በየወሩ ዶላር እንደሚልክ ገልጸው፣ ይህ ገንዘብ እዚያ ከሚከፍለው ታክስ ላይ ይታሰብለት እንደሆነ ጠይቀዋል። ዛሬ ሁለቱንም በተቻለኝ መጠን ልመልስ።

ለእናቲቱ አጭሩ መልስ የማያስደስት ነው። የእኛ አገር የደመወዝ ግብር ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አይጠይቅም። ያገባና ያላገባ፣ አምስት ልጅ ያለውና ምንም የሌለው፣ አልጋ ላይ የዋለች እናት የሚጦርና ብቻውን የሚኖር ሰው ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ግብራቸውም እኩል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ተቀጣሪው ያወጣውን ወጪ አንስቶ ከደመወዙ ላይ እንዲቀንስ አይፈቅድም። በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ሲሻሻልም ይህ አልተነካም፤ የተነካው መጠኑ ነው። ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በ15 በመቶ ይጀምርና በየደረጃው እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 15,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ በወር 3,200 ብር ግብር ትከፍላለች። ልጇ ይራመድ አይራመድ ቁጥሩ ያው ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ምንም ቀዳዳ የለም ማለት አይደለም። ሕጉ ሰውየውን ባያይም ክፍያውን ያያል። የተከፈለው ገንዘብ ምንድን ነው፣ ማን ከፈለው፣ በምን ማስረጃ የሚለውን ነው የሚመለከተው። ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው አዝኖለት የሰጠው ገንዘብ በማያስፈልግ መንገድ ሲመጣ።

በደንብ ላብራራው። አንድ ሠራተኛ ሥር የሰደደ ሕመም አለበት እንበል፤ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት። አለቃው ደግ ሰው ነው፤ ለሕክምናህ ይሁን ብሎ 4,000 ብር ደመወዝ ይጨምርለታል። ደመወዙ ከ15,000 ወደ 19,000 ብር ያድጋል። ከተጨመረው ላይ 35 በመቶው፣ ማለትም 1,400 ብር፣ ለግብር ይሄዳል። መደበኛ ደመወዝ ስለሆነም 7 በመቶ፣ ማለትም 280 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጣል። (ጡረታው የራሱ ገንዘብ መሆኑ እውነት ነው፤ የዛሬን መድኃኒት ግን አይገዛም።) እጁ የሚገባው 2,320 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር ደግነቱ 4,440 ብር አስወጥቶታል።

ያው አሠሪ ያንኑ 4,000 ብር የሠራተኛው የሕክምና ወጪ አድርጎ ቢከፍልስ? አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ከሆኑ ገቢዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ያስቀመጠው አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና በትክክል የወጣውን ወጪ ለመሸፈን የሚከፍለውን ገንዘብ ነው። 4,000 ብሩ ሳይሸራረፍ ሆስፒታሉ ወይም መድኃኒት ቤቱ ይደርሳል። ልዩነቱ በወር 1,680 ብር ነው፤ በዓመት 20,160 ብር። አሠሪው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ እንዲያውም የጡረታው መዋጮ ቀርቶለታል።

«በትክክል የወጣ ወጪ» የሚለው አነጋገር ግን ክብደት አለው። በየወሩ ከደመወዝ ጋር ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ «የሕክምና አበል» ስሙ ሕክምና ስለሆነ ብቻ ከግብር አያመልጥም። ደረሰኝ መኖር አለበት፤ ደረሰኙ ላይ የሠራተኛው ስም ይኑር፤ ከተቻለም የሐኪሙ ማዘዣ ኮፒ ይያያዝ። ከሁሉ የሚሻለው አሠሪው በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ቢከፍል ነው። ስለዚህ አለቃችሁን ስታነጋግሩ «ደመወዝ ይጨመርልኝ» ከማለት «የሕክምና ወጪዬን በደረሰኝ ሸፍኑልኝ» ማለት ይሻላል። ጥያቄውን በማመልከቻ አድርጉት፤ ለሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ለሂሳብ ሹሙም ግልባጭ ይድረሰው። ብዙ ጊዜ ይህን ነገር የሚያበላሸው ክፉ ልብ ሳይሆን ሁሉንም ክፍያ በአንድ ዓምድ የሚደምር የፔይሮል ሠንጠረዥ ነው።

የእናቲቱ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። አዋጁ የሚናገረው ስለ ሠራተኛው ሕክምና ነው። ስለ ልጁ፣ ስለ ባለቤቱ ወይም ስለ እናቱ አይናገርም። ድርጅቱ የልጇን ፊዚዮቴራፒ ቢከፍልላት አንድ ጠንቃቃ የሂሳብ ሹም «ይህ ላንቺ የተሰጠ ጥቅም ነው» ብሎ ግብር ሊያስብበት ይችላል፤ የአዋጁን ቃል ይዞ ነውና አልወቅሰውም። የምወቅሰው አጻጻፉን ነው። የታመመ ልጅ ያላት እናት ራሷ ባትታመምም ወጪው የእሷ ነው፤ ከሥራ የምትቀረውም እሷ ናት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን እና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። «ሠራተኛው» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «እና በሥሩ የሚተዳደር ቤተሰቡ» የሚል ቢጨመር የመንግሥት ካዝና ይጎድላል ብዬ አላምንም።

እስከዚያው ድረስ አንድ መንገድ አለ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ ግብር ከፋይ ሕጉ በእሱ ጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚተረጎም በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ የሚያገኝበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ድርጅታችሁ ለሠራተኞች ቤተሰብ ሕክምና የሚከፍል ከሆነ፣ ነገሩን በግምት ከማስኬድ ይህን ጥያቄ እንዲያቀርብ ግፉት። ለአንድ ሰው ከባድ ቢሆንም ሰባት ስምንት ሠራተኞች አብረው ሲጠይቁ የሚሰማ አለቃ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ብዙዎች ልብ ስለማይሉት ነገር። የታመመ ሰው ከሥራ ሲቀር ደመወዙ ይቀንሳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ያገኛል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። በግማሽ ደመወዝ ወራት ግብሩ በግማሹ ላይ እንደገና መሰላት አለበት። ግብሩ እንደ ደረጃው የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ደመወዝ በግማሽ ሲቀንስ ግብሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል። 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው 7,500 ብር ሲከፈለው ግብሩ 3,200 መሆኑ ቀርቶ 1,025 ብር ነው። የግማሹ 1,600 ብር ቢቆረጥበት እንኳ በየወሩ 575 ብር ተበድሏል ማለት ነው። የታመመ ሰው የደመወዝ ወረቀት ለማየት አቅም የለውም፤ ሚስት፣ ባል፣ ወይም ያደገ ልጅ ይይለት።

በአደጋ ምክንያት አካሉ ለጎደለ ሰው ሕጉ ትንሽ ቸር ነው። ለደረሰበት የአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ፣ ሰው ሲሞትም ለቤተሰቡ የሚከፈለው ካሳ የገቢ ግብር አይነካውም። ካሳው ዳጎስ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የጡረታም ሆነ የኢንሹራንስ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የ5 ዓመት ደመወዙን ያስከፍልለታል። ይህ ገንዘብ ሲከፈል «የደመወዝ ውዝፍ» ወይም «የሥራ ስንብት» ተብሎ በተሳሳተ ስም እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። በስምምነት ወረቀቱ ላይ «በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ» ተብሎ በግልጽ ይስፈር። ያልተከፈለ ደመወዝ አብሮ ካለም ለብቻው ይለይ።

ባልና ሚስት ተለያይተው ልጁ እናቱ ጋር ከሆነ ደግሞ አባት የሚሰጠው ቀለብ በእናቲቱ እጅ ግብር የለበትም። ይህን የምጽፈው ቀለብ ተቀብዬ ግብር ይመጣብኛል ብለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈጽሙ የሚቀሩ እናቶች ስለገጠሙኝ ነው።

ሱቅ ያላችሁ ወይም በግል ንግድ የምትተዳደሩ አንባቢዎች፣ የቤተሰብ ሕክምና የንግድ ወጪ አይደለም። የልጁን ዊልቸር ደረሰኝ ከሱቁ ወጪ ጋር ቀላቅሎ ማስገባት ኋላ በምርመራ ሲገኝ ከነመቀጫው ይመለሳል። የእርጅና መደጎሚያቸው ሁለት ክፍል ቤት ማከራየት ለሆነ አረጋውያንም ሕመም የኪራይ ግብርን አይቀንስም። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ መስመር ማለፌ የሚባል ሌላ ነገር ስለሌለው ነው።

ወደ መድኃኒት ቤት ስንመጣ፣ የሕክምና አገልግሎትና በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ከ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ውጪ ናቸው። ከመድኃኒቱ ጋር ሳሙና፣ ቅባትና ሌላም ነገር የምትገዙ ከሆነ ደረሰኙን አይታችሁ ታክሱ የተደመረው በየትኛው ላይ እንደሆነ ጠይቁ። ሠራተኛው ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል፤ ቤት ከተገባ በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው።

ከውጭ አገር ዊልቸር፣ ሰው ሠራሽ እግር ወይም የመስማት መርጃ የምታስመጡ ቤተሰቦች ደግሞ ሁለት ቁጥር ያዙልኝ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ፣ እኛም በምንጠቀምበት፣ ዊልቸር የራሱ ርዕስ አለው፤ 87.13 ነው። ሰው ሠራሽ አካል፣ የአጥንት መደገፊያና የመስማት መርጃ 90.21 ሥር ይገባሉ። የዊልቸር መለዋወጫ ዕቃም እንደ ተራ የብስክሌት ጎማ የሚታይ አይደለም፤ በ87.14 ውስጥ ለብቻው ንዑስ ቁጥር አለው። ቀረጥና ታክስ የሚሰላው ዕቃው በተመዘገበበት ቁጥር ስለሆነ፣ የቸኮለ ትራንዚተር «ወንበር» ብሎ ከቤት ዕቃ ጋር ካስገባው ዋጋው ሌላ ይሆናል። ሰነዱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት።

አሁን ወደ እኚያ አባት ጥያቄ ልሂድ፤ በዚህ ጋዜጣ አንባቢ ቤት ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ጥቂት ነውና።

በአሜሪካ ሰው ለራሱ፣ ለትዳር ጓደኛውና በሥሩ ለሚያስተዳድረው ሰው ያወጣው የሕክምና ወጪ ከታክስ ላይ የሚታሰብበት ሕግ አለ። እናትና አባትም በሥሩ እንደሚተዳደሩ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ አንድ ቤት መኖር እንኳ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን በሥሩ የሚባለው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም በታክስ ሕጉ የአሜሪካ ነዋሪ፣ አለበለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ የሌላቸው፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ እናት ከዚህ ውስጥ የሉበትም። ልጃቸው የወጪያቸውን ሙሉ ቢሸፍን እንኳ በታክስ ወረቀቱ ላይ አይገቡለትም። ስለዚህ መልሱ፣ ይቅርታ አባቴ፣ አይታሰብለትም ነው።

ይህን አበክሬ የምናገረው አንዳንድ የታክስ ወረቀት ሞይ ነን ባዮች «እናትህን እናስገባልሃለን» እያሉ የወላጅ ፓስፖርት ኮፒ ከአገር ቤት እንደሚያስልኩ ስለምሰማ ነው። ተመላሽ የተባለው ገንዘብ ለጊዜው ይመጣል፤ ሲመረመር ከወለዱና ከቅጣቱ ጋር የሚከፍለው ወረቀቱ ላይ የፈረመው ልጃችሁ እንጂ ሞይው አይደለም። ስሙ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዳይበላሽ ኮፒውን ባትልኩለት ይሻላል።

ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ልጃቸው ጋር ሄድ መለስ የሚሉ እናት ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። ልጁ ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ከሆነ የከፈለላቸውን ሕክምና ሊያስቆጥር ይችላል። ቢሆንም ወንፊቱ ጠባብ ነው። የሚቆጠረው ከዓመት ገቢው 7.5 በመቶ በላይ ያለው ብቻ ነው። 80,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው የመጀመሪያው 6,000 ዶላር ወጪ አይቆጠርለትም፤ 10,000 ካወጣ የሚያዝለት 4,000 ነው። እሱም የሚጠቅመው ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሚያቀርብ እንጂ ለሁሉም እኩል የሚሰጠውን ቅናሽ ለሚወስድ አይደለም። የዚያ ቅናሽ መጠን በ2025 እ.ኤ.አ. ለላጤ 15,750 ዶላር፣ አብረው ለሚያቀርቡ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ስለሆነ ብዙ ሰው ዘርዝሮ አይደርስበትም።

እዚያው የአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድጉ ልጆቻችሁ ግን ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚመለሰው የታክስ ገንዘብ ልጅ ሲያድግ ይቋረጣል፤ ልጁ ሙሉ በሙሉና በዘላቂነት አካል ጉዳተኛ ከሆነ ግን የዕድሜ ገደብ የለውም። የ30 ዓመት ልጅም ቢሆን አብሯቸው የሚኖር ከሆነ ይቆጠራል። ኤብል የሚባል የቁጠባ ሂሳብም አለ፤ በውስጡ የሚገኘው ትርፍ ለልጁ ከጉዳቱ ጋር ለተያያዘ ወጪ እስከዋለ ድረስ ታክስ አይከፈልበትም። ቀድሞ ጉዳቱ ከ26 ዓመት በፊት የጀመረ መሆን ነበረበት፤ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ከ46 ዓመት በፊት ከጀመረ ይበቃል።

ካናዳ ያሉት የተሻለ ዕድል አላቸው። ቲ2201 የሚባለውን ቅጽ ሐኪም ሞልቶ የአገሪቱ የገቢ መሥሪያ ቤት ከተቀበለው የአካል ጉዳት የታክስ ቅናሽ ይገኛል፤ ታማሚው ራሱ ታክስ የማይከፍል ከሆነም ለሚደግፈው ቤተሰብ ሊተላለፍ ይችላል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢንሱሊን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ መቁጠር ሳያስፈልገው መስፈርቱን እንዳሟላ ይታሰባል። ወደ ኋላ እስከ 10 ዓመት ድረስም መጠየቅ ይቻላል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ወላጆች ሁለት የታክስ ነጥብ እንደሚሰጥ ይወቁ፤ ሳይጠይቁ ያለፋቸው ካለ እስከ 6 ዓመት ወደ ኋላ ማስመለስ ይቻላል።

በእነዚህ አገሮች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ ሕመሙ ወይም ጉዳቱ መቼ ጀመረ የሚል። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ታሞ ኋላ ወደ ውጭ የሄደ ልጅ መልሱ ያለው አያቱ ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ያለ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የሆስፒታል ካርድ፣ ሪፈር የተጻፈበት ወረቀት፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ሐኪሙ የጫረው ማስታወሻ ሳይቀር ቀን ያለበት ከሆነ ዋጋ አለው። ቤት ስታጸዱ አትጣሉት። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፤ ዋናውን ግን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ እናንተው ጋር አስቀምጡት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚሆን የፈረንጁን ቀን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙለት፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱን እዚያ ያለው ሠራተኛ አያውቀውም።